የዊልያም ዊልበርፎርስ ታሪክ፤ በሥራ ብዛት መካከል ልብን ስለ ማሳረፍ

ለክርስቲያን ሰው ፈተና የሚገባበት በር አንድ ብቻ አይደለም። ሥራ የፈታ ሰው በስንፍናው ይፈተናል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ነገር ግን ሥራ የበዛበትም ሰው በጥድፊያው ይፈተናል፤ ይህን የሚያስተውለው ጥቂት ነው። ሥራው መልካም ስለ ሆነ ልቡም የቀና ይመስለዋል። ለጸሎት ጊዜ ያጣ እንደ ሆነ፥ ጊዜ ያጣሁት ስለ በጎ ሥራ ነው እያለ ራሱን ያጽናናል። በዚህ መካከል ቍጣና ትዕቢት የሹመትም ምኞት ሳይታወቀው በልቡ ይበቅላሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ የሚቸኩል ሰው በድካም የሰበሰበውን በገዛ እጁ ይበትነዋል።

በእንግሊዝ አገር የባሪያ ንግድ እንዲቀር ብዙ ዘመን የደከመው ዊልያም ዊልበርፎርስ ሥራ እጅግ የበዛበት ሰው ነበረ። ነገር ግን ልቡን የሚያሳርፍበትን ጊዜ ስለ ጠበቀ ከከባድ ፈተና ዳነ። ታሪኩም ይህ ነው፤ በውስጡ የሚነገረው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ዊልበርፎርስ በ1759 ዓ.ም. ኦገስት 24 ቀን ሐል በምትባል በሰሜን እንግሊዝ ባለች የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ ባለጸጋ ነጋዴ ነበረ፤ ነገር ግን በ1768 ዓ.ም. ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። ብላቴናውም በሎንዶን አጠገብ በዊምብልደን ወደሚኖሩት ወደ አጎቱና ወደ አጎቱ ሚስት ተላከ። እነርሱ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ነበሩና ጸሎትንና የመጽሐፍ ቅዱስን ቃል አስተማሩት። በዚያም ወራት ጆን ኒውተን የሚባለውን ሰባኪ ሰማ። ኒውተን ቀድሞ የመርከብ አለቃ ሆኖ የአፍሪካን ሰዎች በሰንሰለት እያሰረ ያመላልስ የነበረ፥ ኋላ ግን ተጸጽቶ ቄስ የሆነ ሰው ነው። የብላቴናው እናት ግን ልጅዋ በሃይማኖት ነገር ከልክ ያለፈ እንዳይሆን ፈርታ ወደ ቤትዋ መለሰችው። በሐልም ግብዣና ጨዋታ የአጎቱን ቤት ትምህርት ቀስ በቀስ አስረሳው።

በ1776 ዓ.ም. ወደ ካምብሪጅ ሄዶ ቅዱስ ዮሐንስ በሚባለው ኮሌጅ ገባ። በዚያን ጊዜ አያቱና አጎቱ ሞተው ብዙ ሀብት ወርሶ ነበረና ለኑሮ መድከም አላስፈለገውም። ሌሊቱን በካርታ ጨዋታና በግብዣ ያሳልፍ ነበረ እንጂ ለትምህርቱ ብዙ አልተጋም። በ1780 ዓ.ም. ዕድሜው 21 ዓመት ሲሆን፥ ከ8,000 ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብ ለምርጫው አውጥቶ የሐል ከተማ እንደራሴ ሆኖ ወደ ምክር ቤት ገባ። ቁመቱ አጭር ሰውነቱም ደካማ ነበረ፤ ነገር ግን ድምፁ ያማረ፥ ጨዋታው የሚጥም ስለ ነበረ መኳንንቱ ሁሉ ወደዱት። የመኳንንት ማኅበር በሆኑ በአምስት ክለቦችም አባል ሆነ። አንድ ሌሊት በቁማር 600 ፓውንድ አሸነፈ። ገንዘቡን ያጡት ወጣቶች ለመክፈል እንደ ተቸገሩ ባየ ጊዜ ግን ልቡ አዘነ፤ ከዚያም ወዲህ ቁማርን ተወ። ይሁን እንጂ ኑሮው ገና አልተለወጠም።

ከወዳጆቹ ሁሉ የሚበልጠው ዊልያም ፒት ነበረ። ፒት በ1783 ዓ.ም. ዕድሜው ገና 24 ዓመት ሲሆን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት ዊልበርፎርስ ዮርክሽር ለሚባለው ሰፊ አውራጃ እንደራሴ ሆኖ ተመረጠ። እንግዲህ ወዳጁ የመንግሥት ራስ ነው፤ እርሱም ሀብት፥ አንደበትና የሕዝብ ፍቅር አለው። ስለዚህ ከዚህ በኋላ የሚጠብቀው ታላቅ ሹመት ብቻ ይመስል ነበረ።

ነገር ግን ያን ጊዜ እግዚአብሔር በመንገድ ላይ አገኘው። በ1784 ዓ.ም. መጨረሻ ከእናቱና ከዘመዶቹ ጋር ወደ ፈረንሳይና ወደ ኢጣልያ ወገን ሲጓዝ፥ አይዛክ ሚልነር የሚባለውን የተማረ ሰው የመንገድ ባልንጀራ አድርጎ ወሰደው። ያን ጊዜ ረጅም መንገድ በሠረገላ ስለሚሄዱ ለማንበብና ለመነጋገር ብዙ ጊዜ ነበራቸው። ሁለቱም ፊሊፕ ዶድሪጅ ስለ ነፍስ መዳን የጻፈውን መጽሐፍ አብረው አነበቡ። በሚቀጥለው በጋ ደግሞ አዲስ ኪዳንን በግሪክ ቋንቋ መረመሩ። በሎንዶን ጥድፊያ ለማሰብ ጊዜ ያላገኘ ሰው፥ የሠረገላው ዝግታ እንዲያስብ ግድ አለው። ያለፈውን ዕድሜውን በከንቱ እንዳጠፋ ተረዳና በ1785 ዓ.ም. ልቡ በብርቱ ኀዘን ተያዘ።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ምክር ለመቀበል ወደ ጆን ኒውተን ሄደ። ሰው እንዳያየው እየፈራ፥ ከበሩም ሳይደርስ ሰፈሩን አንድ ሁለት ጊዜ ዞረ፤ ከዚያ በኋላ ደፍሮ ገባ። የመንግሥትን ሥራ ትቶ ብቻውን በጸሎት ለመኖር ያስብ ነበረ። ኒውተን ግን፥ ምናልባት እግዚአብሔር ለሕዝብ ጥቅም በዚያ ስፍራ አቁሞት እንደ ሆነ፥ ሥራውን እንዳይተው መከረው። ብዙ ቅዱሳን ፈተናን ሸሽተው ወደ በረሃ ወጥተዋል፤ ለዊልበርፎርስ ግን የተሰጠው ትእዛዝ ከከተማው መካከል እንዲኖር ሆነ። ስለዚህ ጸጥታን በዋሻ ሊያገኘው የማይችል ሰው፥ በቀኑና በሳምንቱ ውስጥ ስፍራ ሊያበጅለት ግድ ሆነበት።

ወዲያውም ስሙን ከክለቦቹ ሁሉ አስፋቀ። የዕለት መዝገብ አበጅቶ ሰዓቶቹን እንደ ነጋዴ ሒሳብ ይቈጥራቸው ጀመረ፤ ስንቱ በሥራ፥ ስንቱ በንባብ፥ ስንቱ ከወዳጆች ጋር፥ ስንቱም በከንቱ እንዳለፈ ይጽፍ ነበረ። ማለዳ ከሰው ሳይገናኝ ለጸሎትና ለመጽሐፍ ቅዱስ ጊዜ ለየ። እሑድን ሰንበት ከመንግሥት ነገር ፈጽሞ ለይቶ ቤተ ክርስቲያን ለመሄድ፥ ለማሰብና ለማረፍ ጠበቀው። ይህ ሁሉ ቀላል አልሆነለትም። ማታ አምሽቶ በተኛ ጊዜ የጧቱ ጸሎት የችኮላ እንደሚሆን፥ ጸሎቱ የችኮላ በሆነ ጊዜም ልቡ እንደሚደርቅና ለፈተና እንደሚደክም በመዝገቡ ደጋግሞ እየጻፈ ራሱን ይወቅስ ነበረ።

በ1787 ዓ.ም. ከፒት ጋር በአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲነጋገሩ፥ ፒት የባሪያን ንግድ ነገር በምክር ቤት እንዲያነሣ መከረው። በዚያን ዘመን ከሎንዶን፥ ከሊቨርፑልና ከብሪስቶል የሚነሡ መርከቦች ወደ ምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ሄደው ሰዎችን ይገዙ ነበረ። የተገዙትንም በመርከቡ ሆድ አጨናንቀው ውቅያኖሱን ያሻግሩና በአሜሪካ ደሴቶች ለሸንኮራ እርሻ ይሸጡአቸው ነበረ። የእንግሊዝ መርከቦች ብቻ በጠቅላላው ዘመን ከ3 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎችን ጭነዋል፤ ብዙዎችም በመንገድ ሞቱ። ከዚህ ንግድ ብዙ ሰዎች ባለጸጎች ሆነው ነበረና የሚቃወመው ሰው ጠላቱ ብዙ ነበረ። ዊልበርፎርስ ግን ነገሩን ተቀበለ። ቶማስ ክላርክሰን የተባለው ሰው ከወደብ ወደ ወደብ እየዞረ ምስክርና ማስረጃ ይሰበስብለት ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ እንደ ገበያ ሆነ። ምክር ቤቱ አጠገብ ይኖር ነበረና ከማለዳ ጀምሮ ድሀውም ባለጉዳዩም፥ ሰባኪውም ነጋዴውም በደጁ ይሰበሰብ ነበረ። በ1788 ዓ.ም. ሐኪሞች ይሞታል ብለው እስኪያስቡ ድረስ ታመመ፤ ፒትም ስለ እርሱ ሆኖ ጉዳዩን በምክር ቤት አቀረበለት። በ1789 ዓ.ም. ሜይ 12 ቀን ዊልበርፎርስ ራሱ ቆሞ ከሦስት ሰዓት በላይ ስለ ባሮች መከራ ተናገረ። ነገር ግን በ1791 ዓ.ም. ድምፅ በተሰጠ ጊዜ 163 ሰዎች ተቃወሙት፥ የደገፉት 88 ብቻ ነበሩ።

በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አቀረበው። ያን ጊዜ ሄንሪ ዳንዳስ የሚባለው ሚኒስትር ተነሥቶ ንግዱ ይቅር፥ ነገር ግን ቀስ በቀስ ይሁን ሲል አንዲት ቃል ጨመረ። ምክር ቤቱም ይህን በ230 ድምፅ ተቀበለ፤ የተቃወሙት 85 ነበሩ። የተቀበሉትም ሰዎች ሕሊናቸው ዐረፈ፤ መርከቦቹ ግን አላረፉም። በ1796 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ሊፈጸም ተቃርቦ ሳለ 74 ለ70 ሆኖ በአራት ድምፅ ብቻ ወደቀ። ከደጋፊዎቹ አንዳንዶቹ በዚያ ሌሊት አዲስ የዘፈን ጨዋታ ለማየት ወደ ቲያትር ሄደው ነበረ። ዊልበርፎርስ ከኀዘን የተነሣ በንዳድ ታሞ ተኛ። ነገር ግን ከወዳጆቹ ጋር አልተጣላም፤ ሥራውንም አልተወም። በ1797፥ በ1798 እና በ1799 ዓ.ም. ነገሩን ደጋግሞ አቀረበ።

ጥድፊያ በሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ በወዳጁ በፒት አየ። በ1798 ዓ.ም. እንግሊዝ ከፈረንሳይ ጋር ጦርነት ላይ ሳለች፥ ፒት ስለ ባሕር ኃይል አንድ ሕግ በአንድ ቀን እንዲያልቅ ወደደ። ጆርጅ ቲርኒ የሚባለው እንደራሴ፥ እንዲህ ያለ ችኮላ አይገባም ብሎ ተከራከረ። ፒትም ተቈጥቶ፥ ይህ ሰው የአገሩን መጠበቅ ያሰናክላል የሚል ቃል ወረወረበት፤ ቃሉንም እንዲመልስ ቢጠየቅ እንቢ አለ። ይህ የሆነው ዓርብ ቀን ነው። እሑድ፥ ያውም በጰራቅሊጦስ በዓል ቀን፥ ሁለቱ ሰዎች ከከተማ ውጭ በሜዳ ላይ ሽጉጥ ይዘው ቆሙ። ሁለት ሁለት ጊዜ ተኰሱ፤ ፒት ሁለተኛውን ወደ ሰማይ ተኰሰ። በእግዚአብሔር ቸርነት ማንም አልተጐዳም። ዊልበርፎርስ ግን እጅግ አዘነ። ፒት ክፉ ሰው አልነበረም፤ አገሩን ይወድድ ነበረ፤ በችኮላ የተናገረውን ቃል መልሶ ለመመርመር ግን ልቡን ለአንድ ሰዓት እንኳ አላሳረፈም።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ ፈተናው ወደ ዊልበርፎርስ ራሱ መጣ። በ1801 ዓ.ም. መጀመሪያ ፒት ከንጉሡ ጋር ባለመስማማቱ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ሄንሪ አዲንግተንም በስፍራው ተተካ። አዲንግተንም የዊልበርፎርስ ወዳጅ ነበረ። አዲስ መንግሥት በሚቆምበት ጊዜ ማን ይሾማል ማን ይሻራል እየተባለ ከተማው ሁሉ ይናወጻል። በዚያ ሳምንት ዊልበርፎርስ ለሹመት እታሰብ ይሆናል የሚል አሳብ በልቡ ተነሣ። ለሃያ ዓመት በምክር ቤት የደከመ ሰው ነው፤ ባልንጀሮቹ ብዙዎች ከእርሱ በላይ ተሹመዋል። አሳቡም እንደ ወይን ጠጅ ራሱን አዞረው። ያን ጊዜ ቢቸኵል ኖሮ ደጅ ሊጠና፥ የሚሰማውንም ሰው ደስ ለማሰኘት ቃሉን ሊያለዝብ ይችል ነበረ። በባሪያ ንግድ ነገር አገልጋዮቹ እርስ በርሳቸው በማይስማሙበት መንግሥት ውስጥ የሚገባ ሰው ደግሞ አፉ እንደ ቀድሞው ነጻ ሊሆን አይችልም።

ነገር ግን እሑድ መጣ። እንደ ልማዱ የመንግሥትን ነገር ዘግቶ፥ ጸልዮና ቃለ እግዚአብሔርን ሰምቶ ዋለ። በዚያ ጸጥታ ልቡን በመረመረ ጊዜ፥ በሳምንቱ ሁሉ ትልቅ የመሰለው ሹመት ትንሽ ሆኖ ታየው። ልቡን የያዘው ስለ ራሱ ክብር ያለ ምኞት እንደ ነበረ አወቀ፤ ስለዚያችም የዕረፍት ቀን እግዚአብሔርን እንዳመሰገነ በመዝገቡ ጻፈ። በማግሥቱ ሰኞ ወደ ሥራው ሲመለስ ያው እንደራሴ ነበረ፤ ነጻነቱም አልተሸጠም። ፈተናውን ያሸነፈው በዚያ ቀን ባገኘው ድንገተኛ ኃይል አይደለም፤ ከ15 ዓመት በፊት ጀምሮ በየሳምንቱ በጠበቃት በአንዲት ልማድ ነው። ጎርፍ በመጣ ጊዜ ቦይ የሚቈፍር ሰው የለምና።

እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። ዳንዳስም ቀስ እንበል ብሎ ነበረ፤ ዊልበርፎርስም ቀስ ይል ነበረ። ነገር ግን የሁለቱ ዝግታ አንድ አይደለም። ዳንዳስ ያዘገየው የሌላውን ሰው መብት ነው። ያች ቃል ከገባችበት ከ1792 ዓ.ም. እስከ 1807 ዓ.ም. ድረስ በየዓመቱ በአማካይ ከ30,000 የሚበልጡ ሰዎች በእንግሊዝ መርከቦች ተጫኑ፤ የዝግታውን ዋጋ የከፈሉት እነርሱ ናቸው። ዊልበርፎርስ ግን ያዘገየው የገዛ ልቡን ምኞትና የገዛ አፉን ቃል ነበረ፤ ዋጋውንም ራሱ ከፈለ። ለራስ ምኞት መዘግየት ጥበብ ነው፤ ለባልንጀራ መብት መዘግየት ግን ዕረፍት ተብሎ የተጠራ በደል ነው።

ፒት በ1806 ዓ.ም. በሥራ ብዛትና በሕመም ደክሞ በ46 ዓመቱ ሞተ። በ1807 ዓ.ም. ፌብሩዋሪ 23 ቀን ስለ ባሪያ ንግድ መሻር ድምፅ ሲሰጥ፥ 283 ሰዎች ደገፉ፥ 16 ብቻ ተቃወሙ። ሳሙኤል ሮሚሊ የተባለው ሹም ዊልበርፎርስን እያመሰገነ ሲናገር፥ ምክር ቤቱ በሙሉ በእልልታ አከበረው። እርሱ ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ ያለቅስ ነበረ። ሕጉም ማርች 25 ቀን ጸና።

ነገር ግን ይህ ሰው ጕድለት አልነበረበትም ማለት አይደለም። ንግዱ ከቀረ በኋላ፥ ቀድሞ የተገዙት ባሮች ወዲያው ነጻ ለመውጣት አልተዘጋጁም ብሎ ያስብ ነበረ፤ በዚህም ነገር ከዳንዳስ ዝግታ ፈጽሞ ነጻ አልነበረም። በቤቱም ሌላ ጕድለት ነበረ። በ1797 ዓ.ም. ባርባራ ስፑነርን አግብቶ ስድስት ልጆች ወልደው ነበረ፤ ሥራው ግን ከልጆቹ ይለየው ነበረ። አንድ ቀን ከልጆቹ አንዱን ቢያቅፈው ሕፃኑ አለቀሰ። ሞግዚቲቱም ሕፃኑ እንግዳ ሰው ባየ ጊዜ ሁሉ እንደሚፈራ ነገረችው። ለብዙ ሺህ የሰው ልጆች የደከመ አባት ለገዛ ልጁ እንግዳ ሰው ሆኖ ተገኘ። ይህ ነገር በልቡ ተቀረጸ። በ1812 ዓ.ም. 28 ዓመት የያዘውንና እጅግ የሚከበርበትን የዮርክሽርን እንደራሴነት በፈቃዱ ተወ። ልጆቹን ለማሳደግ ጊዜ እንዲያገኝ ብሎም ብራምበር ለምትባል ትንሽ ስፍራ ተመረጠ። ክብሩ አነሰ፤ ቤቱ ግን አባት አገኘ።

በኋለኛው ዘመኑ ኬንሲንግተን በተባለው ሰፈር ሲኖር፥ ከምክር ቤት ወደ ቤቱ በእግሩ እየሄደ ከዳዊት መዝሙራት ሁሉ የሚረዝመውን መዝሙር በቃሉ ይደግም ነበረ። መንገዱን የጸሎት ቤት አደረገው፤ ሠረገሎችም በአጠገቡ እየሮጡ ያልፉት ነበረ።

በ1825 ዓ.ም. ሰውነቱ ስለ ደከመ ከምክር ቤት ወጣ። ሌሎች ሰዎች ግን ባሮቹን ሁሉ ነጻ የማውጣትን ሥራ ይዘው ቀጠሉ፤ እርሱም ይደግፋቸው ነበረ። በ1833 ዓ.ም. ጁላይ 26 ቀን፥ በእንግሊዝ ቅኝ አገሮች ያሉትን ባሮች ነጻ የሚያወጣው ሕግ መጽደቁ እንደማይቀር ወሬ ደረሰው። ከሦስት ቀን በኋላም፥ ጁላይ 29 ቀን፥ በ73 ዓመቱ ዐረፈ። በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን በወዳጁ በፒት መቃብር አጠገብ ተቀበረ። ሕጉ በ1834 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሲውል 800,000 የሚያህሉ ሰዎች በሕግ ባርነት ተሻረላቸው፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ እስከ 1838 ዓ.ም. ድረስ ለቀድሞ ጌቶቻቸው ያለ ደመወዝ እንዲሠሩ ተገድደው ነበረ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ሥራ የበዛበት ሰው ሥራውን ሁሉ ይተው አልተባለም። ገበሬው ያርስ፥ ነጋዴው ይነግድ፥ ተማሪው ይማር፥ ሹሙም ይፍረድ። ነገር ግን ማለዳ ከሥራው በፊት፥ በሳምንትም አንድ ቀን ከሥራው ሁሉ ተለይቶ፥ ልቡ ወዴት እንደሚሮጥ ይመርምር። ቍጣ የሚናገረውን ቃል ነገ ይናገረው፤ ምኞት የሚያሳየውን ሹመት ከሰንበት በኋላ ይየው። የድሀውን ፍርድ ግን ዛሬ ይፍረድ፥ የሠራተኛውንም ደመወዝ ሳያሳድር ይስጥ። የሚያርሱ በሬዎች እንኳ ከቀንበር ይፈታሉ፤ የሰው ልብም ያለ ዕረፍት ቢጠመድ ትልሙን ይስታል።